የበሩ አፍ

በርሚንግሃም ያለው በራችን ወገቡ ላይ አፍ አለው፤
ደብዳቤ ይተፋል።
አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳው አባቴ
ክዳኗ ቋ! ባለች ቁጥር እጁ ይንዘፈዘፋል።

«ከጃማይካ በልጅነቴ መጣሁ ካልክ፣ ማስረጃ!»
ብለው ከጻፉለት ወዲህ
በብስኩት ቆርቆሮ ዕድሜውን አጭቆ፣
የደመወዝ ቁራጭ፣ የጥርስ ሐኪም ካርድ፣
ሌሊት ይቆጥረዋል ከእናቴ ተደብቆ።

ሰባ አራት ጠፋው።
«ሰባ አራት የት ነበርኩ?
ምናልባት... አልነበርኩም?»
«አባዬ፣ እኔን የወለድከኝ በሰባ አራት እኮ ነው!»
አየኝ፤ ፊትና ጀርባዬን፣ ማኅተም እንደሚፈልግ።
«አንቺ ወረቀት አይደለሽም» አለኝ።

ትናንት መዶሻ አነሳ፤
የበሩን አፍ በሚስማር ጠረቀመው።
ጸጥ አለ ቤቱ።
አሁን ደግሞ ቁጭ ብሎ
ጸጥታውን ያዳምጠዋል።