ሁለት ሉካንዳ

አንዱ በር ላይ ጨረቃ፣ አንዱ በር ላይ መስቀል፣
ደሴ፣ ፒያሳ፣ ቅዳሜ፣ ጦሳ ጉሙን ሲጥል።
ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት መቶ እርምጃ አይሞላም፤
ቆሜያለሁ ከመሀል፣ አልሄድም፣ አልገባም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁራጭ ያልቀመሰ ሰው
ዛሬ ምን አስጎመጀው? ደመወዙ ነው።

ሰው ይጠይቃል፣ ደግሞ ራሱ ይመልሳል፤
«ሪህ ይዞት ነው» ይባላል፣ «ስለት አለበት» ይባላል፣
«ኪሎው ስንት ገባና!» ይላል ኪሴን የሚያውቅ፤
አንድ የኮምቦልቻ መምህር፣ በመነጽሩ ሲያጮልቅ፣
«ለፍጡር አዝኖ ነው» ብሎ አወደሰኝ፤
ዝም አልኩ። ደግ መባል ማንን ይጎዳል? እኔንም አልጎዳኝ።
እዚያው ምሳ ቤት፣ ማክሰኞ፣ «የጾም አለ?» ስላት
ልጅቱ ጣቷን ቆጠረች፤ ቀኑ ጠፋባት።

ነገሩ ግን የጀመረው ሳልወለድ ነው፤
ሆጤ ሥር፣ በአንድ ክፍል ቤት፣ ኪራዩ ስድስት ብር በሆነው።
ሉባባና አራጋው፣ ዘመድ እያጉረመረመ፣
ተጋብተው ገቡ፤ ሐሜቱ ክረምቱን ሙሉ ከረመ።
ሁለት ድስት። ሁለት ቢላ፤
የሷ ቀይ ክር የታሰረ፣ እንዳይምታታ ከሌላ።
ቢስሚላህ ያሉበት ለሷ፣ በስመ አብ ያሉበት ለሱ፤
በሁለት ጥግ፣ በሁለት ትሪ፣ ጀርባ ለጀርባ ሲጎርሱ።

አንድ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ጉርሻዋን እንደያዘች፣
«አራጋው፣ እስቲ ዙር» አለች፤
«ስትበላ ፊትህ ምን ይመስላል?»

አልመለሰም አሉ። ጋቢውን አነሳና ወጣ።
ሲመሽ ከሰኞ ገበያ ሁለት ጣሳ ምስር ቋጥሮ መጣ፤
«ይኸ ደግሞ» አላት፣ «በማን ስም ይታረዳል?»

ከዚያ ወዲህ አንድ ትሪ። ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን።
አንዱ ቢላ ጠፋ፤ አንዱ ሽንኩርት ከተፈልን።
ክሩም አልቋል፤ የቀረው የማን እንደሆነ
አናውቅም።

አሁን አባቴ አፈር ሆኗል።
እናቴ ዛሬ ጠዋት «ሂድ ብላ» ብላኛለች፤
«የማልኩት እኔ ነኝ፣ አንተን ማን አሰረህ?» አለች።
ብሩ እጄ ላይ ላብ ጠጣ።
ወደ ጨረቃው ባዘነብል፣ አባቴ ደጅ ይቀራል፤
ወደ መስቀሉ ብገባ፣ እሷን ማን «ግቢ» ይላል?
ካሳው በካራው ጀርባ እንጨቱን መታ፤ «ጮማ አለ!»
እንድሪስም ከወዲያ ማዶ «ሻኛው ሳያልቅ ና» አለ።

ለሁለቱም እጅ ነሣሁና
ቁልቁል ወረድኩ። ምስር ተወዷል፤ ተከራከርኩ።
ሴትዮዋ ሰፈረች፤ ቀና ብላ አየችኝና
ከሰፈረችው በላይ
አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።