ስምሪት

ደጀን መናኸሪያ፣ ከቲኬት ቤቱ ጀርባ፣
ጣራዋ በነሐሴ ሌሊት የሚያነባ
አንድ ክፍል አለች፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣
ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰሌዳ ከነምስማር፦
ዐሥራ ዘጠኝ ምስማር፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቆርቆሮ፣
በየቆርቆሮው ላይ ቁጥር ተሰርስሮ፣
አንዱ ግን ፊቱን ወደ ጣውላው አዙሮ።

ጋሽ አንለይ ናቸው ከድሬዳዋ ያመጡት፣
ባቡሩ የቆመ ዓመት፣ በፍራሽ ጠቅልለው አውቶቡስ ጣራ ላይ የጫኑት።
ሐዲድ ባልረገጠው፣ ፊሽካ ባልሰማ አገር
«የኮት መስቀያ ነው» ይባል ነበር በሰፈር።

«እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ» ይሉኛል፣ «የራሱ ዐመል አለው፤
አንዱን ሜዳ ያሰንፈዋል፣ ዳገት ነው የሚያነቃው።
ዐሥራ አራት ቁጥር ማለዳ ያስለዋል፣
ፀሐይ ሲሞቀው ግን ለሁለት ይጎትታል።
ለአዲስ አበባው የሌሊት መንገደኛ ትንፋሸ ረጅሙን፤
ለወተት ሻጮቹ፣ ለፋብሪካው ወዛደር፣ ጠዋት ማታ ለሚመላለሰው፣
በየጣቢያው መቆም የማያስመርረውን፣
አዝጋሚውን፣ ቻዩን።
የታጠበውን ለሹም ስጥ አሉኝ፤ ሰጠሁት ለዳገት፣
ለዚህ ነው ጡረታ የወጣሁት ያለ እድገት።»

ስማቸው አንለይ፣ እንጀራቸው ግን መለያየት፦
ማታ የባቡሩን ራስ ከፉርጎው መፍታት፣
ጠዋት ከማያውቀው ፉርጎ ጋር ማጋባት።
ራሳቸው አላገቡም፤ ይህን ያለችኝ ቲኬት ቆራጯ እናኑ ናት።

እኔ ተራ አስከባሪ ነኝ። ደብተር አለኝ፣ ማኅተም አለኝ፣
ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ፤ ሌላ ሕግ አልተሰጠኝ።

ጾሙ በተፈታ ሰሞን፣ ዓባይ በጉም ተሞልቶ ገደሉ ሜዳ ሲመስል፣
አንድ ቅጥቅጥ ሞልቶ ቆመ፣ ጣራው ላይ በግ ሲያለቅስ፣ ዶሮ ሲንጠለጠል።
ታፔላው «አዲስ አበባ»፣
ሾፌሩ ምንይችል ለመውጫው እጁን በመስኮት አስገባ።

ጋሽ አንለይ በዝናብ ወጡ። ጎማው ሥር ጎንበስ አሉ፤
«ፍሬኑን እስቲ ርገጠው… ልቀቀው… ድገመው» አሉ።
ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ፣ እንደ ሐኪም፣ ምንም ሳይሉ።
ከዚያ ወደ እኔ፦ «ይህ ለቢቸና ይሁን። ዓባይን አይችለውም።»
«ተራው ነው» አልኳቸው።
«ልጄ፣ ተራ ለሰው ነው፤ ቁልቁለት ተራ አያውቅም።»

ሕዝቡ ጮኸ። ባለንብረቱ በስልክ ሰደበኝ።
ረዳቱ «ሽማግሌውን ባቡር ይውሰዳቸው!» ብሎ ሳቀብኝ።
እጄ ግን ታፔላውን ነቀለው። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝ።

ያ ቅጥቅጥ ቢቸና ገባ፣ ቀን ሳይጋመስ ደረሰ፤
ተቀያሪው ዓባይን ወርዶ ወጣ፣ ጎሐ ጽዮን ቁርስ ቀመሰ።
ምንም አልሆነም።
ምንም።
የእኔ የሦስት ቀን ደመወዝ ብቻ ተቆረጠ።
ያልደረሰ አደጋ ምስክር አያቆምም፤
ያልሞተ ሰው ተነስቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አይልም።

ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሻያችንን ይዘን፣
ጠየቅኳቸው ያንን ፊቱን ያዞረውን፦
«የማን ቁጥር ነው?»
ብርጭቆውን አማሰሉ፣ ስኳር ሳይጨምሩበት፣
እጃቸው ወደ ሰሌዳው ሄዶ ተመለሰ ከመንገድ።
«ተራው ነበር» አሉኝ።

ቆዩና ደብተሬን ወደ ራሳቸው ሳቡት፦
«ነገ ለሞጣ የሚወጣው የትኛው ነው?»