ተዋት ትጠማ

ጌንት ላይ ዝናቡ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
ሰኞን ሲጥል ውሎ ማክሰኞን አይለቅም።
ጃንጥላዬ በሩ ሥር፣ ቆሞ እንደ ዘበኛ፣
ሲንጠባጠብ ያድራል፣ እንደ እኔው ሳይተኛ።

የምድር ቤት ጎረቤቴ፣ እሜቴ ሊዝቤት፣
ዕቃቸው ተጭኖ ሲሄዱ ወደ አረጋውያን ቤት፣
ደረጃው ሥር ጠሩኝ፤
በዳቦ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ እፍኝ ነገር ሰጡኝ።
"ሽንኩርት እንዳይመስልህ፤ መርዝ ነው፣ ሾርባ አይገባ፤
ስሙ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "የዝናብ አበባ።"
ሳቄን ዋጥኩት፤ ዝናብማ እዚህ አገር መች ታጣ?
ሌላው ሌላው ነው እንጂ የጎደለኝ፣ እሱስ ሳይጠሩት መጣ።

ሰፊ ሸክላ ገዛሁ፣ የድግስ ጋን የሚያህል፣
ለአሥራ አንድ ራስ ብቻ፣ ሜዳ የሚያካክል።
ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ከአንገታቸው አልፌ ቀበርኳቸው፤
ጓሮ፣ ከብስክሌቶቹ ጎን፣ ለሰማይ ሰጠኋቸው።
ሐምሌ ቅጠል። ነሐሴ ቅጠል። መስከረም፣ ያው ቅጠል፤
ቄጤማ ይመስል፣ ጉዝጓዝ ለማይመጣ በዓል።

እሁድ በትራም ሄጄ ከሰስኳት፦ "እሜቴ፣ አበባዎ ሰነፍ ናት፤
ሌት ተቀን ይዘንብላታል፣ አንድ እንኳ አላሳየችኝ፣ ምን ላድርጋት?"
ሳቁ። ጥርሳቸው ብርጭቆ ውስጥ ነበር።
"ሁሌ ከዘነበ፣ ‘ዘነበ’ ብሎ ለእሷ ማን ይንገር?
ጣራ ሥር አስገባት። ተዋት ትጠማ። አትዘንላት።
ቅጠሏ ዘንበል ሲል፣ ያኔ አንድ ባልዲ አፍስስላት፣
የሰማይ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይደለም።
ቤቷም ጠባብ ይሁን፣ በጣም፤
ይህች ዘር ትከሻ ለትከሻ ካልተጋፋች አትስቅም።
አንገቷም ብቅ ይበል፤ ጉሮሮው ተቀብሮ
ማን አምሮበት ያውቃል፣ ማንስ ያውቃል ዘምሮ?"

ማስጠማት ይከብዳል።
ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር፣
ጀሪካን ደርድሮ ተራ ሲጠብቅ ያደገ እጅ እንዲህ ሊሰስት? ነውር!
"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ሲባል ሰምቼ አድጌ፣
እኔው አስጠማሁ፣ በዝናብ አገር፣ ከበረንዳ ሥር ሸሽጌ።

የበረዶውን ወራት ደረጃው ሥር አሳለፈች፣ በእሜቴ ባዶ በር ፊት።
ግንቦት ላይ በጠባብ ሸክላ አወጣኋት፣ አንገቷን ገልጬላት።
ዝናቡ አንድ ክንድ ርቆ ይወርዳል። ትሰማዋለች።
አትደርስበትም። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ትሰማዋለች።
ሌሊት፣ የሆስፒታሉን አንሶላ ከማሽኑ ሳወጣ፣
ብርጭቆ አንስቼ አስቀመጥኩት፣ እሷን አስቤ ሳልጠጣ።

አርባ ቀን ሲሞላ፣ አሸንዳው ያጠራቀመውን ባልዲ
ሙሉውን ደፋሁላት።
አንደኛው ቀን፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ሦስት። አራት።
አምስተኛው ጠዋት፣ ከሥራ ስመለስ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ፣
ስድስት ቀጭን ዘንግ ቆሟል፤ ሮዝ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ።

ሁለት ቀን ነው ዕድሜዋ። አልተኛሁም። ሸክላውን አቅፌ ትራም ገባሁ፤
መንገደኛው ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፈን፤ እንደ አዲስ አባት ኮራሁ።

እሜቴ ዓይናቸው ከፋሲካ ወዲህ ጠፍቷል፤ አላወቅሁም ነበር።
አበባዋን አልዳሰሱም፤ ጣታቸውን ሰደዱት ወደ አፈር።
ቆዩ።
"እርጥብ ነው" አሉ፣ "ይበቃታል።
ነገ እንዳታጠጣት።" ደግሞ ቆዩ። "ስንት አፍ ከፍታለች?"
"ስድስት።"
"ስድስት" አሉ፣ ለራሳቸው፣ ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው።

ስመለስ ዘነበ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳት፤
እኔ ርጥብ፣ እሷ ደረቅ።