አሥራ አራተኛ

በሉማሜ ከተማ፥ ኅዳር በባተ ቁጥር፥
ከማዘጋጃ ቤቱ፥ ከአሮጌው በር በስተግር፥
ሸራ ይወጠራል፥ አግዳሚ ይደረደራል፤
ደብዳቤው «የሥነ ጽሑፍ በዓል»፥ ሰዉ «ግጥሙ» ይለዋል።

እኔ ታይፒስቷ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ
የአንባቢዎቹን ስም፥ እንደ ተራ እንደ ዕድሉ፥
አንድ በአንድ መታሁ።
አንድ፥ መሪጌታ ልሳነወርቅ፥ ጉባኤ ቃና ዘራፊ፤
ሁለት፥ የባንኩ ዘበኛ አንለይ፥ ሌሊቱን ሙሉ ጸሓፊ፤
ሦስት፥ ከባሕር ዳር የሚመጣው፥ መነጽሩን ሁለቴ የሚያብስ፥
መጽሐፉን በካርቶን አምጥቶ፥ በካርቶን የሚመልስ፤
አራት፥ የዘጠነኛ «ለ» ተማሪ፥ ድምጿ የሚንቀጠቀጥ፥
እጇ ላይ የጻፈችው ስንኝ፥ ተራዋ ሳይደርስ የሚቀልጥ።

አሥራ አራት ላይ ስደርስ፥ ጣቴ ይዘገያል፤
«የሻለም ቢተው» ብሎ፥ የገዛ ስሜን ይመታል።
አየዋለሁ። ጥቁር ነው። ከሰው ስም አያንስም።
ከዚያ መደምሰሻዋን ጫን። አንድ ፊደል፥ ሁለት፥ ምንም።

ግጥሜ መሳቢያ ውስጥ፥ ከውሃ ደረሰኝ ጋራ፥
ከማኅተሙ ሥር ተጣጥፎ፥ ዓመት ይጠብቃል ተራ።

ዘንድሮ በዋዜማው፥ አቶ ይርሳው «ቶሎ በይ!» ብለው ጮኹብኝ፤
ስሜን እንዳለ አተምሁት። አርባው ቅጂ እንደወጣልኝ
መብራት ሄደ።
መብራቱ ባይሄድ ኖሮ፥ ዳግም አትመው ነበር።
(ይህን ለሰው እላለሁ። ለራሴ ግን ሌላ ነገር።)

እሑድ ሸራው ሞላ። መሪጌታ ቅኔ ዘረፉ፤
ገበሬው «ይበል! ይበል!» አለ፤ ተማሪዎቹ ጻፉ።
ሰሙ ስለ ደቦ ነበር፤ ወርቁ ከንቲባውን ሲነካ
የገባው ጫማውን አየ፤ ያልገባው ከት ብሎ አስካካ።
አንለይ አነበበ፥ የሌሊት ዘቡን ብርድ፤
የባሕር ዳሩ ረዘመ፥ እንደ ይግባኝ ፍርድ።

አሥራ ሦስተኛው ተነሥቶ፥ ወረቀቱን ሲፈታ
ከጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፥ ነጎድጓድ መታ።
የኅዳር ዝናብ። በየማሳው ያልተከመረ ነዶ።
አንድ ሰው ተነሣ፤ ሁለት። ከዚያ አግዳሚው ባዶ።
ማንም «ይቅርታ» አላለም። ጤፍ ይቅርታ አያውቅማ፤
ማይኩ ብቻ ቀረ፥ ነፋሱን እያሰማ።

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና
«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? እንጀራችሁ ነው፥ ኑና!»
ሄድን። የባሕር ዳሩም ሄደ፥ መነጽሩ በጉም ታውሮ፤
ነዶ ታቅፎ ሲሮጥ፥ ከረባቱን ወደ ጀርባው ወርውሮ።
ሸራውን ነቅለን ወሰድን፤ የባለ ቅኔው ጣራ
ለክምር ክዳን ሆነ፥ ከመጽሐፉ ካርቶን ጋራ።

ከሸራው ጫፍ ሥር ተጠጋን፥ ሃያ የምንሆን፥ ጭድ ለብሰን።
አንለይ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ በዝናብ ርሷል፤
«አሥራ አራት» ብሎ አነበበ፤ «አንድ ሰው ቀርቷል።»
ቀለሙ ወርዶ፥ ስሜ ግማሹ ብቻ ይታያል፤
«የሻ... ምንድን ነው?» አለ። ዝናቡ ሸራውን ይመታል።

ግጥሜ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉ ቢሮ። ቢሮው ሩቅ።
ከሰባቱ ስንኝ ሁለቱን ነው፥ በቃል የማውቅ።
«የውሃ ደረሰኝ ስጽፍ ውዬ፥ ጥም ይዞኝ እገባለሁ፤
የሰው ስም ስደረድር መሽቶ፥ በሕልሜ ስሜን እጠራለሁ...»

ዝም አልሁ። ጨረስሁ ወይም ረሳሁ፤ ልዩነቱን ማን ያውቃል?
የነዶው ባለቤት፥ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፥ ጭቃው ከእጃቸው ይወርዳል፤
«ይበል» አላሉም። «ድገሚው» አሉ፤ «ዝናቡ ጆሮዬን ያዘብኝ።»
ደገምሁት። በሁለተኛው፥ ድምፄ የኔ መሰለኝ።

ማክሰኞ መብራት መጣ። አቶ ይርሳው ደብዳቤ አስጻፉኝ፦
«ሰባተኛው በዓል በዝናብ ምክንያት አልተካሄደም»፤ ሁለቴ አነበቡልኝ።
መታሁት እንዳሉት። ቀን፥ ፊርማ፥ ማኅተም።
ከሹራቤ እጅጌ አንዲት ጤፍ፥ ቁልፎቹ መሀል ወደቀች፤
ከየትኛው ፊደል ሥር እንደገባች አላየሁም።
አላወጣኋትም።