የሚያዝያ ዘጠኝ ኩባያ

ነጭ ቆርቆሮ ነው፣ ጆሮው የዛገበት፣
ሆዱ ላይ ሁለት ባንዲራ የተቆላለፈበት፤
ዘውድም አለው፤ ቀንም ተጽፎ፦
«ጅማ፣ ሚያዝያ ዘጠኝ» — የቀረው ተገፍፎ።
አንዱ ባንዲራ የኛ ነው፤ የሌላውን ቀለም
የሳሙና ዓመታት አጥበውት፣ አሁን የለም።

የማን አገር ንጉሥ እንደነበር
የሚያውቅ አባቴ ነበር፤
የማዘጋጃ ቤቱ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣
ሸሪፍ አባ ቡልጉ፣ ቁልፍ አንጠልጣይ፣ ቁጥር አዋቂ።

ሁለት ሺህ ኩባያ በጭነት መኪና መጣ፤
በገለባ ተጠቅልሎ ከየሣጥኑ ሲወጣ
አንድ በአንድ ቆጠረው፦ ስድስቱ ተሸርፎ፣
የአንዱ ዘውድ ተዘቅዝቆ — ይህንንም ጽፎ።
እኛ ተማሪዎች ያን የባዕድ ስም ለመጥራት
ሳምንት ሙሉ ለፋን፣ ምላሳችንን እየመታው እንቅፋት።

በዋዜማው ማታ ዝናብ ጀመረ።
የጅማ ዝናብ ነው፤ በቃህ ቢሉት የሚሰማ አልነበረ።
ሲነጋ የአውሮፕላኑ ሜዳ እንደ አዌቱ ሞላ፤
ከደመናው በላይ አንድ ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ሌላ
ሰማይ ሄደ።
የወረቀት ባንዲራችን ቀለሙ ክንዳችን ላይ ወረደ።

ኩባያውስ? ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልሱ ከርሞ መጣ፦
«ላልመጣ እንግዳ መታሰቢያ አይታደል፤ ከግምጃ ቤት አይውጣ።»
አባቴ ቆልፎ አስቀመጠ፤
ዓመት ሄደ፣ ዘውድ ወረደ፣ እሱ ቁጥሩን አልለወጠ።
በኋላ አንድ ካድሬ በሩን አስከፈተ፣
ዘውዱን አይቶ «ይቀበር» አለ፤
ከተማው ግን ሌሊቱን በጆንያ ጎተተ።

ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣ የሸምስያ እህል ክምር
በሱ ነው የሚሰፈር፤ ልጆቿ ያንን ነገር
ባያውቁም፣ የመስፈሪያው ስም «ንጉሥ» ነው እስከዛሬ፦
«ሁለት ንጉሥ ጤፍ ስጪኝ፤ ግማሽ ንጉሥ በርበሬ።»
«ንጉሥሽ ጎደለ!» ቢሏት ታክላለች ምርቃት፤
«ልኩ ዘውዱ ድረስ ነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የኔ ያ አንዱ ነው፣ የተዘቀዘቀው፤
አባቴ በዕድሜው ሙሉ
ብቻውን የሰረቀው።
ውኃ ስጠጣበት ዘውዱ ይዘቀዘቃል፤
አጥቤ ስደፋው ግን፣ መስኮቱ ሥር፣
ዘውዱን ደፍቶ
ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል።