ሁለት ጣት ቦታ

ከባሕር ዳር ቅጽ መጥቷል፣ በአራት ቅጂ የሚሞላ፤
«የምእመናን ብዛት ዘንድሮ» ይላል፣ «የአምናው» ደግሞ ከኋላ።
ሞላሁት። አምና ዘጠና አባወራ፣ ዘንድሮ ሦስት መቶ አሥር፤
ቁጥር አይከብድም፤ ቁጥር ይጻፋል፣ ይደመራል በመስመር።
ከግርጌው ግን አንዲት ሳጥን አለች፣ ከሁለት ጣት የማትሰፋ፣
«ለዕድገቱ ምክንያት» የምትል። እዚች ላይ ብዕሬ አንቀላፋ።

የአስፋልቱን መምጣት ልበል? ባጃጅ ወራሚት መድረሱን?
ወይስ የቆርቆሮውን መለወጥ፣ የጉልላቱን መታደሱን?
ምክትል ሊቀ መንበሩ አቶ አንዳርጌ «ሞንታርቦው ነው» ይላል፤
«ቅዳሴው ሐይቁን ተሻግሮ ለዓሣው ሳይቀር ይሰማል።»
እውነት ነው፣ ለዓሣው ይሰማል። እኔ ግን፣ ባለ መዝገቡ፣
አንድም ዓሣ አልጻፍኩም። ሰዎቹም ሞንታርቦው ሳይመጣ ነው የገቡ።

ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ላይ እምቦጩ ሐምራዊ አብቧል፤
ሥሩ መሬት ሳይነካ በጥቂት ሳምንት እጥፍ ሆኗል፤
ታንኳዎች መውጫ አጥተው ደንገሉ ሥር ታስረው ቆመዋል።
እሱም ቅጽ ቢሰጡት ይሞላ ነበር፦ «ዕድገት፦ እጅግ ከፍ ያለ»፤
ምክንያት ቢሉት፣ «ነፋስ ገፋኝ» ብሎ ፈርሞ በተገላገለ።

እኔ ግን አንድ ቀን አውቃለሁ።

በኅዳር ነበር፤ ለሎጁ ግንብ አሸዋ ሲዝቁ ከዳር፣
አፋፉ ተንዶ አንዱን ወሰደው፤ ሲያወጡት እስትንፋስም አልነበር።
በሸራ ጠቅልለው አመጡት፣ አሥራ አንድ የቀን ሠራተኛ፤
ከቂርቆስ ቅጥር አልገቡም፤ አዩን፣ ተከሳሽ እንደሚያይ ዳኛ።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ረጅሙ ነው የምንለው።»
«የክርስትና ስሙስ?» ዝም። «አገሩስ?» «ወዲያ ማዶ ነው።»
«እድሩስ?» ዝም። አንዱ ልጅ ብቻ ቀስ ብሎ አንገቱን አነሳ፤
«ያማትብ ነበር» አለ፣ «ውኃ ሲጠጣ በጣሳ።»

ያለ ስም ፍትሐት እንዴት ይደረስ? «እገሌ» ተብሎ አይጸለይ፤
ቄሱ መጽሐፉን ከፍተው ዘግተው አዩ ወደ ሰማይ።
ያን ጊዜ መሪጌታ ስሙር፣ ዐይናቸው የፈዘዘው፣
ከቤተ ልሔሙ ጥግ ወጡ፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፤
«የእኔን ስጡት» አሉ። «ወልደ ሰንበት በሉት።
ሰባ ዓመት ለብሼዋለሁ፤ አላለቀም፤ አልብሱት።»

ተፈታ በስማቸው። ለመቃብሩ ማንም አላስከፈለ፤
አቶ አንዳርጌ ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ጉድጓድ ውስጥ ዋለ።

በሳምንቱ እሑድ አሥራ አንዱ መጡ፤ ዋርካው ሥር ቆሙ ከሩቅ፤
በሁለተኛው ሃያ ሆኑ፣ ባለ ሥራ ልብሱ ሲሳቀቅ፣ ሲደበቅ፤
በሦስተኛው ሚስት መጣች፣ በአራተኛው ልጅ ለክርስትና፤
ያኔ ነው አዲስ ደብተር የገዛሁ፣ መዝገቡ ጠበበኝና።
ወሬው ቀድሞ ሄዶ ነበር፣ «እዚያ ስም የለሽ አይጣልም» ተብሎ፤
ሎተሪ አዟሪው፣ ጀልባ ቀዛፊው መጣ ወሬውን ተከትሎ።
አንዲት ሴት ከበሩ ቆማ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው፦
«የሞተ ብቻ ነው ወይስ በቁሙም ስም የሚሰጠው?»

ይኸው ዘንድሮ ጉንፋን ሲጥላቸው መሪጌታ ይሥቃሉ፤
«እኔማ ተፈትቻለሁ፤ የቀረኝ አፈር ብቻ ነው» ይላሉ።

ታዲያ ይህን እንዴት ልክተተው በሁለት ጣት ቦታ?
«መቃብር» ብጽፍ ሟርት ነው፤ «ስም» ብል እንቆቅልሽ የማይፈታ።
«ሞንታርቦ» ብዬ ጀመርኩና ቀለሙ ሳይደርቅ ሰረዝኩት፤
ሳጥኑን ባዶ ትቼ ማኅተም መትቼ ላክሁት።

ከሳምንት በኋላ «ያልተሟላ» ብለው ከነማኅተሙ መለሱት።
ልክ ናቸው። ዋርካውን ዛሬም ሁለት እንግዶች ተጠለሉት።

ስማቸውን ገና አልጠየቅኋቸውም።