ምን ትሠራ ነበር?

ከዚራ፣ ከኒሞቹ ጥላ፣ በድሮው ክበባችን ውስጥ፣
ማራገቢያው ሙቀቱን እንደ ገንፎ ሲያገላብጥ፣
ለሦስት ቡልጋሪያውያን አስተምራለሁ፤ እንግሊዝኛ።
ማካሮኒ ፋብሪካው ቀጥሮኝ ነው፤ እኔን፣ ጡረተኛ ባቡረኛ።

በሃያ ዓመቴ ልከውኝ ነበር፣ ሁለት የበረዶ ዓመት፣ ፕሎቭዲቭ፤
በነሱ ቋንቋ ነው የፈታሁት የመጀመሪያዬን ሎኮሞቲቭ።

ስቶያን በያጅ ነው፤ መዳፉ እንደ ሞረድ ይሻክራል።
ፔንቾ የመብራት ሰው፣ ቃል ሲጠፋው ያፏጫል።
ራዳ መሐንዲሷ የጻፈችውን ሁሉ በቀይ ታሰምራለች፣
እኔ ስሳሳት ደግሞ (እሳሳታለሁ) አፏን ይዛ ትስቃለች።

የመጀመሪያው ቀን «ገባችሁ?» ብል ሦስቱም ራሳቸውን ወዘወዙ፤
ደግሜ ባስረዳ፣ በሥዕል ባሳይ፣ ጭራሽ አበዙ።
ለካ በነሱ አገር «አዎ» ማለት ነው! እኔ እንዴት ልርሳው፣
ፕሎቭዲቭ ራሴን ነቅንቄ ስንት ሾርባ ያመለጠኝ ሰው።
እኔም በተራዬ «አዎ» ብዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ብስበው፣
ስቶያን ውሃ ይዞ ከተፍ! ትን ያለኝ መስሎት ነው።

የሥራ ስም ጀመርን። ሰሌዳው በጠመኔ ነጣ፦
በያጅ፣ ግንበኛ፣ ነርስ፣ ዘበኛ፤ ለሁሉም ቃል ወጣ።
ፔንቾ ግን በመስኮት አየና «ያኛውስ?» አለኝ፣ «ያ የሚሮጠው?»
ከአወዳይ መኪና ጫት ወርዶ፣ ጠሉ ሳይለቀው፣
እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፎ ገበያ የሚያደርሰው።
«መጽሐፉ አያውቀውም» አልኩት።
«ሴትዮዋስ? ያቺ፣ ጨርቁን በቀሚሷ ሥር ደርባ የምታሳልፈው?»
«ነጋዴ በላት» አልኩ።
ራዳ አሰመረችበት።

ቀጥሎ መጣ ያ ኃላፊ ጊዜ፣ ሲካሄድ የነበረው፤
ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር ሳብኩ፤ «ሐዲድ ነው በሉት» አልኳቸው።
«አንድ ነገር እየሆነ ነበር፤ ይሄውላችሁ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤
ድንገት ሌላው፣ አጭሩ፣ መጥቶ ይቆርጠዋል።»
መሐሉ ላይ ጭረት ባሳርፍ ጠመኔዬ ተሰበረ።
«ትናንት መብራት ሲጠፋ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ፔንቾን፣ አፈረ፤
«ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።»

ስቶያን ግን አኮረፈ። «ራቦቴህ» አለ፣ «በኛ አንድ ቃል ነው፣ ያበቃል፤
ላንድ ጋሪ የሚሆነውን ማን በሁለት ጋሪ ይጭናል?»
እውነቱን ነው። እኔስ አፌን የፈታሁበት ልሳን
«ምን ትሠራ ነበር?» ሲል ሁለት ጥያቄ አይደል የሚቋጥርብን?
መተዳደሪያህ ምን ነበር? ይላል፤ ደግሞም፣ በዚያች ደቂቃ
እጅህ ምን ይዞ ነበር? ይላል፤ ባንድ ቋጠሮ ሁለት ዕቃ።

ራዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ቀዩን። ከዚያ በቡልጋርኛ፦
«የመጨረሻው ባቡር ሲቆም» አለች፣ «አንተ ምን ትሠራ ነበር፣ ባቡረኛ?»

በእንግሊዝኛ መለስኩ፤ መምህር ነኝና፤ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ፦
ቡሎን እያጠበቅኩ ነበር፤ ካራቱ ሦስተኛውን፣ ከሥር ተንጋልዬ።
ሰው መጣና «ተወው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
አራተኛው እዚያው አለ፤ እስከ ዛሬ አልጠበቀም።

ፔንቾ አላፏጨም።
ከደቻቱ ማዶ፣ ከመጋላ በኩል፣ የባጃጅ ጥሩምባ መጣ፤
ማራገቢያው ዞረ። ሰዓቱ አልቆ ነበር። ማንም ግን አልወጣ።

ሐሙስ ማታ ስቶያን ከኪሱ ቡሎን አውጥቶ ደብተሬ ላይ አኖረ፤
አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ከማካሮኒው መሣሪያ የተረፈ ነበረ።
አገላብጬ አየሁት። የዚህ ጥርሱ ደቃቅ ነው፣ የዚያኛው ሻካራ፤
ውፍረቱም፣ ርዝመቱም፣ ምኑም አይገጥም ከዚያ ጋራ።
«ልክ ነው?» አለኝ። በአማርኛ! ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ውሃ ሊቀዳ አልተነሣም።